መልሱ ማዕዘኑ ላይ ነው፦ የኢ-እኩልነቶች ግራፍ አጭር ታሪክ

እስቲ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችሁን አስታውሱ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሰምራሉ። ከዚያ ጠመኔውን አጋድመው የአንዱን መስመር አንድ ወገን ይቀቡታል፤ የሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱ ቅቦች የተደራረቡበትን ቦታ እያሳዩ «መልሱ ይሄ ነው» ይላሉ። አብዛኞቻችን ደብተራችን ላይ ገልብጠን፣ ፈተናውን አልፈን ረስተነዋል። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪም አጥጋቢ መልስ ያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። ያ የተቀባ ቦታ ረጅም ታሪክ አለው። ከውስጡ የወጣ አንድ ሐሳብ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ለ17 ዓመት ሳይታተም እንዲቀመጥ ምክንያት ሆኗል። ታሪኩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሥዕሉን ራሱን እንደገና እንሣለው።

አናጢው እና 40 ጣውላዎቹ

አንድ አናጢ አስቡ። ለዚህ ሳምንት 40 ጣውላ እና 60 የሥራ ሰዓት አለው፤ ለሁለቱም አስቀድሞ ከፍሏል። አንድ ወንበር 1 ጣውላ እና 3 ሰዓት ይፈጃል። አንድ ጠረጴዛ ደግሞ 2 ጣውላ ይወስዳል፣ ሥራው ግን ቀለል ስለሚል 2 ሰዓት ይበቃዋል። ወንበሩ 3,000 ብር፣ ጠረጴዛው 4,000 ብር ይሸጣል። ታዲያ ስንት ወንበር፣ ስንት ጠረጴዛ ይሥራ?

የወንበሮቹን ብዛት «ወ»፣ የጠረጴዛዎቹን «ጠ» እንበላቸው።

ጣውላ፦ ወ + 2ጠ ≤ 40
ሰዓት፦ 3ወ + 2ጠ ≤ 60
ከዜሮ በታች መሥራት ስለማይቻል፦ ወ ≥ 0፣ ጠ ≥ 0

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ «እኩል ነው» የሚል የለም። ሁሉም «አይበልጥም» ወይም «አያንስም» ነው የሚለው። ኑሮም እንዲሁ ነው፦ ወጪያችሁ ከደመወዛችሁ ጋር ልክ እኩል እንዲሆን የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ጭንቀቱ እንዳይበልጥ ነው።

አሁን ግራፉን እንሣል፤ ወ በአግድሙ መስመር፣ ጠ ወደ ላይ በሚወጣው ላይ ይሁን። የጣውላው መስመር በአግድሙ ላይ ከ40 ተነስቶ ወደ ላይ በሚወጣው ላይ 20ን ይነካል። የሰዓቱ መስመር ደግሞ ከ20 ተነስቶ 30ን ይነካል። አናጢው የሚችለው ሁሉ ከሁለቱም መስመሮች በታች ነው። ይህ ክልል አራት ማዕዘኖች አሉት፦ (0፣ 0)፣ (20፣ 0)፣ (10፣ 15) እና (0፣ 20)። ሦስተኛው ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነው።

በማዕዘኖቹ ላይ ገቢውን እናስላ። ምንም ካልሠራ 0። 20 ወንበር ብቻ ከሠራ 60,000 ብር። 20 ጠረጴዛ ብቻ ከሠራ 80,000 ብር። 10 ወንበር እና 15 ጠረጴዛ ከሠራ ግን 90,000 ብር ያገኛል። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

«ቆይ፣ ክልሉ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ነጥቦች ለምን አንሞክርም?» ልትሉ ትችላላችሁ። እስቲ ማስመሪያ አንሱ። 60,000 ብር የሚያስገኙ ነጥቦች ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። 70,000 የሚያስገኙት ደግሞ ከእሱ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ መስመር ላይ ይገኛሉ። ገቢው በጨመረ ቁጥር ማስመሪያው ዝንባሌውን ሳይለውጥ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ክልሉን ለቅቆ ሊወጣ ሲል በመጨረሻ የሚነካው ቦታ ማዕዘን ነው። አንዳንዴ አንድ ሙሉ ጠርዝ ሊነካ ይችላል፤ ያም ቢሆን የጠርዙ ሁለት ጫፎች ማዕዘኖች ናቸው። ስለዚህ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ነጥቦች ፋንታ አራቱን ብቻ ማየት በቂ ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ሐሳቡ ዘገየ

«ይበልጣል» እና «ያንሳል» የምንልባቸው > እና < የተባሉት ምልክቶች በመጽሐፍ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1631 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ የእንግሊዛዊው የቶማስ ሃሪዮት የአልጀብራ ሥራ ሲሆን፣ የወጣው እሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ ነበር። በ1637 ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት አልጀብራንና ጂኦሜትሪን ያገናኘበትን መጽሐፍ አሳተመ። ምልክቱም ሥዕሉም ነበሩ ማለት ነው። ሆኖም የኢ-እኩልነቶችን ስብስብ ራሱን እንደቻለ ጥያቄ ቆጥሮ የሚመረምር ሰው እስኪመጣ ወደ 200 ዓመት ገደማ አለፈ።

ያ ሰው ጆሴፍ ፉርዬ ነበር፤ ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ የዘመተው፣ በሙቀት ጥናቱ ስሙ የገነነው የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ። ፉርዬን ወደዚህ የሳቡት ተጨባጭ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ጠረጴዛውን ሰንጥቆ ወደ ታች ግን አይሄድም። ይህንን በእኩልታ ብቻ መግለጽ አይቻልም። በ1820ዎቹ ባቀረባቸው ጽሑፎች ያልታወቁትን ቁጥሮች ከኢ-እኩልነቶች ውስጥ አንድ በአንድ ማስወገጃ ዘዴ አሳየ። ከዚህም በላይ ሦስት አቅጣጫ ያለውን ክልል በዓይነ ኅሊናው አይቶ፣ ዝቅተኛውን ነጥብ ለማግኘት ከአንድ ማዕዘን ተነስቶ በጠርዙ ላይ ወደሚቀጥለው ማዕዘን፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየወረዱ መሄድ እንደሚቻል ገለጸ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ ማለት ይቻላል። ሃንጋሪያዊው ጁላ ፋርካሽ በ1902 ስለ ኢ-እኩልነቶች ዛሬም በስሙ የሚጠራ መሠረታዊ ውጤት አወጣ። የፉርዬን የማስወገጃ ዘዴ ደግሞ ቴዎዶር ሞትስኪን በ1936 ባሳተመው የዶክትሬት ሥራው እንደገና አገኘው፤ ለዚህም ዘዴው ዛሬ የሁለቱንም ስም ይዟል። ሐሳቡን ከወረቀት ያወጣው ግን የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አልነበረም። ከኮምፔንሳቶ ሠሪዎች የመጣ ጥያቄ ነው።

ስምንት ማሽን፣ አምስት ዓይነት እንጨት

ዘመኑ 1938፣ ቦታው በሶቪየት ኅብረት የምትገኘው ሌኒንግራድ ነው። የኮምፔንሳቶ ድርጅት መሐንዲሶች ወደ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ዘንድ መጡ። ካንቶሮቪች ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነው፤ ፕሮፌሰር የሆነው ግን ከአራት ዓመት በፊት፣ በ22 ዓመቱ ነበር። ጥያቄያቸው እንዲህ ነው፦ ስምንት ማሽኖች አሉን፤ አምስት ዓይነት እንጨት እንልጣለን። እያንዳንዱ ማሽን በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ያለው ፍጥነት ይለያያል። የአምስቱን ምጣኔ ጠብቀን ብዙ ምርት ለማግኘት የትኛውን እንጨት ለየትኛው ማሽን እንስጥ?

ነገሩ ከአናጢያችን ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አናጢው ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ስላሉት ወረቀት ይበቃዋል። እዚህ ግን 8 በ5 ሲባዛ 40 ያልታወቁ ቁጥሮች አሉ። 40 አቅጣጫ ያለው ሰሌዳ ደግሞ የትም የለም። «እሺ፣ ሥዕሉ ይቅር፤ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እናስላ» ብንልስ? በእንዲህ ያለ ክልል ማዕዘን ላይ ከ40ዎቹ ቁጥሮች አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ፤ ከዜሮ የሚለዩት 12 ገደማ ናቸው። ከ40 ውስጥ 12 የመምረጫው መንገድ ብቻ ከ5 ቢሊዮን ይበልጣል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ይህ የማይታሰብ ነው።

ካንቶሮቪች ማዕዘኖቹን ከመቁጠር ይልቅ በሌላ በር ገባ። ለእያንዳንዱ ገደብ አንድ ቁጥር ሰጠ። ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ለማየት ወደ አናጢው እንመለስ።

አናጢው 4 ጣውላ ተጨመረለት እንበል፤ ጣውላው 44 ሆነ ማለት ነው። የጣውላው መስመር ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ማዕዘኑም ወደ (8፣ 18) ይሸሻል። ገቢው 96,000 ብር ይሆናል። 4 ጣውላ 6,000 ብር ጨመረ፤ አንዱ ጣውላ 1,500 ብር ማለት ነው። በጣውላው ፋንታ 4 ሰዓት ቢጨመርለት ደግሞ ማዕዘኑ (12፣ 14)፣ ገቢው 92,000 ይሆናል። አንዱ ሰዓት 500 ብር ነው። አሁን 40ን በ1,500፣ 60ን በ500 አባዙና ደምሩ፦ 60,000 እና 30,000፣ በድምሩ 90,000 ብር። ልክ የገቢው መጠን! አጋጣሚ አይደለም፤ እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ሁሉ ይሠራል።

ካንቶሮቪች እነዚህን ቁጥሮች «ፈቺ ማባዣዎች» አላቸው። ማባዣዎቹ ከተገኙ የትኛው ማሽን ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይፈታል። ዘዴውን በ1939 በሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ በታተመች ትንሽ መጽሐፍ አቀረበ።

አደገኛው ቁጥር

እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ ከፖለቲካው ጋር የተጋጨው። ያ 1,500 ብር ምንድን ነው? ዋጋ ነው። ግን ከየት መጣ? ጣውላውን ለማዘጋጀት ከፈሰሰው ጉልበት አይደለም፤ ከእጥረቱ ነው። አናጢው 100 ጣውላ ቢኖረው ኖሮ በ60 ሰዓት ውስጥ ከ60 በላይ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር፤ የተጨማሪ ጣውላ ዋጋም ዜሮ ይሆን ነበር። ያው ጣውላ፣ ያው የፈሰሰ ጉልበት፤ ዋጋው ግን ሌላ።

በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ኦፊሴላዊው ትምህርት የዕቃ ዋጋ ከሠራተኛው ጉልበት ይመነጫል የሚል ነበር። ካንቶሮቪች ሥርዓቱን ለመቃወም አልተነሳም፤ እንዲያውም ዕቅዱ በተሻለ እንዲሠራ ነበር የፈለገው። በ1942፣ በጦርነቱ መሐል፣ ሐሳቡን ለመላው የአገሪቱ ኢኮኖሚ አስፍቶ መጽሐፍ ጻፈ። ተቀባይነት አላገኘም። በስታሊን ዘመን በእንዲህ ያለ ጉዳይ መሟገት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማንም ግልጽ ነበር፤ እሱም ለዓመታት የኢኮኖሚ ሥራውን ወደ ጎን ትቶ ወደ ንጹሕ ሒሳብ ተመለሰ። መጽሐፉ የታተመው በ1959 ነው።

ፔንታጎን እና የ24 ሳንቲም ልዩነት

በዚህ መሐል ያው ጥያቄ በአሜሪካ በኩል ብቅ አለ፤ እዚያ ያሉት ስለ ካንቶሮቪች ምንም አያውቁም። በ1945 ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር ለአንድ ሰው ጤና የሚያስፈልጉ 9 ንጥረ ነገሮችን ከ77 የምግብ ዓይነቶች በትንሹ ወጪ ማግኘት እንዴት ይቻላል ሲል ጠየቀ። ቀጥተኛ ዘዴ ስላልነበረው በሙከራና በግምት ተጉዞ፣ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር የሚል መልስ ላይ ደረሰ።

በ1947 በፔንታጎን ለአየር ኃይሉ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዳንሲግ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ፈጠረ። ሐሳቡ የፉርዬው ነው፦ ከአንድ ማዕዘን ተነስ፤ የተሻለ ወደሚያስገኘው ጎረቤት ማዕዘን ሂድ፤ የተሻለ ጎረቤት ሲጠፋ አቁም። ዳንሲግ መጀመሪያ ላይ ይህን መንገድ ንቆት ነበር። በብዙ አቅጣጫ ክልል ውስጥ በጠርዝ ላይ መንከራተት ማብቂያ የሌለው መስሎት ነው። በተግባር ሲሞከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይደርሳል። የስቲግለር የምግብ ጥያቄ ለሙከራ ቀረበለት። ዘጠኝ ሠራተኞች በእጅ የሒሳብ ማሽን ሲያሰሉ የፈጀው ጊዜ በአንድ ሰው ቢቆጠር 120 ቀን ገደማ ነበር። መልሱ 39.69 ዶላር ሆነ። ስቲግለር በግምቱ የሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር!

መስኩም ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ተባለ። «ፕሮግራም» እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም፤ ወታደሮቹ የሥልጠናና የስንቅ ዕቅዳቸውን የሚጠሩበት ቃል ነበር።

በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ለካንቶሮቪች እና ለቻሊንግ ኩፕማንስ ተሰጠ። የዳንሲግ ስም አልነበረበትም። ኩፕማንስ ይህ ስለከነከነው ከድርሻው ላይ ቀንሶ በዳንሲግ ስም ለአንድ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሰጠ። ካንቶሮቪች ደግሞ ይህን ሽልማት ያገኘ ብቸኛው የሶቪየት ዜጋ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ያ ሰሌዳው ላይ የተቀባው ቦታ «ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። መስመሮቹ ያለንን ነገር ወሰን ይነግሩናል፤ ማዕዘኑ በዚያ ወሰን ውስጥ ከሁሉ የሚሻለውን ያሳየናል። መስመሩን ትንሽ ገፋ ስናደርገው ደግሞ የጎደለን ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ እናውቃለን። ዛሬ ኮምፒውተሮች እጅግ ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ይፈታሉ፤ ሐሳቡን በዓይን የምናየው ግን አሁንም በሁለት መስመር ነው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። የጠረጴዛው ዋጋ ከ4,000 ወደ 6,000 ብር ቢወጣ አናጢው ምን ይሻለዋል? ማስመሪያውን አንሸራትቱና መጨረሻ ላይ የሚነካውን ቦታ ደህና አድርጋችሁ ተመልከቱ።