የአንጎል ቀዶ ሕክምናን የሚያግዘው መነጽር

የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚያከናውን ሐኪም የራስ ቅልን ከመክፈቱ በፊት ዕጢው ያለበትን ስፍራ፣ ጥልቀቱንና በአቅራቢያው የሚያልፉትን የደም ሥሮች በትክክል ማወቅ ይኖርበታል፡፡ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት በሽተኛውን የመናገር ወይም የመንቀሳቀስ ችሎታውን ሊያሳጣው ይችላል፡፡

ለዚሁ ተግባር በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የተነሣውን ምስል ከበሽተኛው አካል ጋር የሚያዛምዱ የናቪጌሽን መሣሪያዎች ለዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተዋል፡፡ ይሁን እንጂ ምስሉ የሚታየው በአልጋው አጠገብ በሚቆም ስክሪን ላይ በመሆኑ ሐኪሙ ዓይኑን ከበሽተኛው ላይ ደጋግሞ ለማንሣት ይገደዳል፡፡

ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተባለው ቴክኖሎጂ ይህንኑ ችግር ለማቃለል የታለመ ነው፡፡ ሐኪሙ የሚያጠልቀው መነጽር የዕጢውን ምስል በበሽተኛው ራስ ላይ እንዳረፈ አድርጎ ያሳየዋል፡፡ ለዚህም አስቀድሞ በምስሉና በበሽተኛው ራስ ላይ ያሉ ተመሳሳይ ነጥቦች እንዲገጣጠሙ ይደረጋል፡፡

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው የሲቲ ስካን ምስልን ከቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ጋር ያጣመረ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1986 አቅርበዋል፡፡ ማይክሮሶፍት ኩባንያ በ2016 ሆሎሌንስን፣ በ2019 ደግሞ ሆሎሌንስ 2ን ለገበያ ካቀረበ በኋላ በርካታ ተመራማሪዎች መነጽሩን በአንጎል ቀዶ ሕክምና ሞክረውታል፡፡ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞችም በሰኔ ወር 2020 በሌላ ኩባንያ መነጽር በመታገዝ በአንድ በሽተኛ የጀርባ አጥንት ውስጥ 6 ብሎኖችን አስገብተዋል፡፡

አንጎል ግን እንደ አጥንት ቅርጹን ጠብቆ አይቆይም፡፡ የራስ ቅሉና የአንጎል ሽፋን ተከፍተው ፈሳሽ ሲወጣ አንጎል ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል ቀደም ሲል የተነሣው ምስል ከእውነታው ይለያያል፡፡ ከዚህም በላይ ሆሎሌንስ ምስሉን የሚያሳየው 2 ሜትር ያህል ለሚርቅ ዕይታ ተስተካክሎ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሚሠራው ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ነው፡፡ ይህም ዓይንን ከማድከሙም በላይ የትክክለኛነት ጉድለት ሊያስከትል ይችላል፡፡ በመሆኑም መነጽሩ የሐኪሙን ዕውቀትም ሆነ የተለመደውን ናቪጌሽን የሚተካ ሳይሆን አጋዥ ነው፡፡

ማይክሮሶፍት የሆሎሌንስ 2ን ምርት ማቆሙን በ2024 ያስታወቀ ሲሆን፣ የሶፍትዌር ደኅንነት ማሻሻያም የሚሰጠው እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው፡፡ ስለሆነም መሰል መሣሪያዎችን ለመግዛት የሚያቅዱ ተቋማት ከዋጋው ባሻገር ለአንጎል ቀዶ ሕክምና የተሰጠውን ፈቃድ፣ በተግባር የተረጋገጠውን የትክክለኛነት መጠን፣ የጥገናና የመለዋወጫ አቅርቦቱን እንዲሁም አምራቹ ድጋፍ የሚሰጥበትን ዘመን አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል፡፡