ከገንዘብ ሣጥን ወደ ደብር፤ የፊላደልፊያ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት

ስለ አንድ ደብር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከሕንጻው መሠረት ወይም ከመጀመሪያው ካህን ሢመት ነው። በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ቶማስ የአፍሪቃውያን ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን በዚህ መንገድ ቢጀመር ዋናው ነገር ይቀርበታል። ሕንጻው ከመከፈቱ ሰባት ዓመት፣ አለቃውም ዲቁና ከመቀበሉ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ እነዚሁ ሰዎች በየወሩ አንድ ሽልንግ እያዋጡ የታመመውን የሚጠይቁበትና የሟቹን ቤተ ሰብ የሚረዱበት ማኅበር ነበራቸው። ደብሩ ማኅበሩን አልወለደም፤ ማኅበሩ ደብሩን ወለደ እንጂ። የደብሩ ሕግም ሆነ ከበላዩ ቤተ ክህነት ጋራ የነበረው ግንኙነት ያለዚህ ቅደም ተከተል ሊገባ አይችልም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1780 የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ፣ እንዲሁም ራሳቸውን በገንዘብ በሚዋጁ ሰዎች ምክንያት፣ በፊላደልፊያ የነጻ ጥቁሮች ቁጥር ይጨምር ጀመር። ከእነዚህ አንዱ አቤሴሎም ጆንስ ነው። ጆንስ በ1746 በደላዌር በባርነት ተወለደ፤ በወጣትነቱም ጌታው ወደ ፊላደልፊያ አምጥቶ በሱቁ አሠራው። በችሮታ ባገኘው ሳንቲም የፊደል መማሪያ ገዝቶ ማንበብ የተማረ ሰው ነው። ሚስት ካገባ በኋላ ተበድሮና በሌሊት ሠርቶ አስቀድሞ የዋጀው እርስዋን እንጂ ራሱን አልነበረም። በዘመኑ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ስለ ነበረ፣ እናት ነጻ ከወጣች ከዚያ ወዲያ የምትወልደው ሁሉ ነጻ ይሆናል። እርሱ ራሱ ነጻነቱን ያገኘው በ1784 ነው።

ጆንስና ሪቻርድ አለን የሚባለው ወጣት ሰባኪ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋራ አፕሪል 12 ቀን 1787 «ነጻ የአፍሪቃውያን ማኅበር» የተባለውን አቋቋሙ። በመጀመሪያ ያሰቡት የሃይማኖት ማኅበር ለማቆም ነበር። ነገር ግን የሰዎቹ እምነት ልዩ ልዩ መሆኑንና ለዚያ የሚበቃው ሰው ማነሱን አይተው፣ ማንም በሥርዐት እስከ ኖረ ድረስ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚገባበት የመረዳጃ ማኅበር እንዲሆን ወሰኑ። እያንዳንዱ አባል በየወሩ አንድ የፔንሲልቬኒያ ሽልንግ በብር ያገባል። አንድ ዓመት ካዋጣ በኋላ ችግር ቢደርስበት በየሳምንቱ ሦስት ሽልንግ ከዘጠኝ ፔንስ ይሰጠዋል፤ ችግሩ ግን ራሱ በጥፋቱ ያመጣው መሆን የለበትም። የሟች ሚስት ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ርዳታው አይቋረጥባትም፤ ልጆቹም ነጻ ትምህርት ቤት መግባት ባይችሉ ማኅበሩ ያስተምራቸዋል፣ ወይም ለእጅ ሥራ ባለሙያ ይሰጣቸዋል። ሰካራም አይገባም። መዋጮውን ሦስት ወር ያቋረጠ፣ ተነግሮት ካልከፈለ፣ ይሰረዛል። የእድርንና የሰንበቴን ደንብ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ነገር ግን መመሳሰሉ የችግር መመሳሰል እንጂ የዝምድና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ከአንቀጾቹ ሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ስለ ጸሐፊውና ስለ ገንዘብ ያዡ የተጻፈው ነው። ለአሠራር ይመች ዘንድ ጆሴፍ ክላርክ የተባለ ነጭ ሰው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንዲሆን ሁሉም ተስማሙ። ክላርክ «ወዳጆች» በመባልም ከሚታወቁት ከኩዌከሮች ወገን ነበር፤ እርሱንም የሚተካው ሰው ምንጊዜም ከከተማው ኩዌከሮች እንዲመረጥ ተደነገገ። ኩዌከሮች ባርነትን ከሌሎች ነጮች ቀድመው የተቃወሙ፣ ለጥቁሮችም ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰዎች ስለ ነበሩ ምርጫው አያስደንቅም። ቢሆንም የአፍሪቃውያን ነው በተባለ ማኅበር፣ አፍሪቃዊ ሊይዘው የማይችል ሹመት የገንዘቡ ቁልፍ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ወዳጅነትም ሞግዚትነትም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ይገኛሉ።

የኩዌከሮቹ ልማድ በስብሰባው ሥርዐት ላይ ሳይቀር ታየ፤ ከ1788 ጀምሮ ስም ከተጠራ በኋላ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ደንብ ሆነ። አለን በሜቶዲስቶች መዝሙርና የሞቀ ስብከት ያደገ ሰው ስለ ነበረ ይህ አልተስማማውም፤ በ1789 ማኅበርተኞቹ አለመግባባት ዘራ ብለው አሰናበቱት። በ1790 መጀመሪያ ማኅበሩ በሰሜን አሜሪካ ባንክ 42 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ1 ፔንስ አስቀምጦ ነበር። በዚያው ዓመት የአባላቱን ጠባይ እየዞሩ የሚመለከቱ ሰዎች ሾመ፣ ስለ ጋብቻ ሥርዐት ደነገገ፣ ለጥቁሮች የመቃብር ቦታም በኪራይ እንዲሰጠው ከተማውን ለመነ። ጠባይ መጠበቅ፣ ማጋባት፣ መቅበር፤ ካህን ሳይኖረው የካህን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

የራሳቸው ጸሎት ቤት ለመሥራት ያነሣሣቸው ምን እንደ ሆነ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በቅዱስ ጊዮርጊስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሆነው ነው። ጆንስ ለጸሎት ተንበርክኮ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ሹሞች ከተከለከለ ስፍራ ተቀምጠሃል ብለው ጎትተው ሊያስነሡት ሞከሩ፤ ጸሎቱ ሲያበቃ ጥቁሮቹ በአንድነት ወጡ። አለን በሕይወት ታሪኩ ይህን በ1787 ያደርገዋል፤ ነገር ግን የተጣሉበት ሰገነት የተሠራው በ1792 ገደማ መሆኑን የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ስለሚያሳይ፣ የዛሬ ሊቃውንት ብዙዎቹ የኋለኛውን ዘመን ይመርጣሉ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ዘመኑ 1787 ከሆነ ማኅበሩ የቁጣ ልጅ ነው፤ 1792 ከሆነ ግን ማኅበሩ አምስት ዓመት ቆሞ ነበር፣ የጸሎት ቤቱም ሐሳብ አስቀድሞ ተጀምሯል፤ ቁጣው ያፋጠነው ብቻ ይሆናል። መዝገቦቹ የሚደግፉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

በኦገስት 1793 የጸሎት ቤቱ ጣራ በተነሣ ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ግብር ተደረገ። መጀመሪያ ወደ መቶ የሚሆኑ ነጮች ተቀምጠው ጥቁሮች አስተናገዱ፤ ቀጥሎ ጥቁሮች በዚያው ገበታ ተቀመጡ፣ ከነጮቹም የተከበሩ ስድስት ሰዎች ቆመው አስተናገዷቸው። ይህን የመዘገበው ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽ ነው፤ እርሱም ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። በዚያው ወር በወደቡ አጠገብ ሰዎች በቢጫ ወባ መሞት ጀምረው ነበር።

ወረርሽኙ እስከ ኖቬምበር ቆየ፤ 50,000 ያህል ሕዝብ ከነበረባት ከተማ ወደ 5,000 ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህም ሸሸ። ረሽ ጥቁሮችን ይህ በሽታ አይነካቸውም የሚል እምነት ስለ ነበረው፣ ሕመምተኞችን እንዲያስታምሙ ማኅበሩን ለመነ። ጆንስና አለን ምክር ካደረጉ በኋላ በከተማው መዞር ጀመሩ። በመጀመሪያ የገቡበት ቤት ባል በሞት አፋፍ ነበረ፣ የሚስቱ ሬሳ በዚያው ቤት ተጋድሟል፣ ከሁለት ደካማ ሕፃናት በቀር ረዳት የለም። በዚያ ቀን ከሃያ የሚበልጡ ቤተ ሰቦችን ጎበኙ። ከዚያም ከዊልያም ግሬይ ጋራ ሆነው አስታማሚ ማግኘትን፣ የሬሳ ሣጥን መግዛትንና መቅበርን ሥራቸው አደረጉ። ሐኪሞች ባለቁ ጊዜ በረሽ ትእዛዝ ከ800 የሚበልጡ ሰዎችን ደም አወጡ፤ ይህ ሕክምና ይጎዳ እንጂ እንደማይጠቅም የታወቀው በኋላ ነው። የረሽም እምነት ስሕተት ነበር፤ ቢጫ ወባ ቀድሞ ይዞት ያልተረፈ ሰው ጥቁርም ቢሆን ከበሽታው አይጠበቅም። በ1792 በከተማው የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ነበሩ፤ በ1793 305 ሆኑ።

ወረርሽኙ ሲያበቃ ግን የመጣው ምስጋና ብቻ አልነበረም። ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ ስለ በሽታው ባወጣው መጽሐፍ፣ ጆንስንና አለንን በስም አመስግኖ፣ ከጥቁር አስታማሚዎች የከፉት ግን ሕመምተኛውን በዋጋ በዘበዙ፣ ቤትም ዘረፉ ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋግሞ ታተመ። ጆንስና አለን በ1794 ባሳተሙት መልስ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ለብቻቸው የተሰጣቸውን ምስጋና አልተቀበሉም፤ ሁለት ሰው ተመስግኖ ስም የሌለው ብዙ ሰው ከተሰደበ፣ ስድቡ በጥቁሮች ሁሉ ላይ እንደሚቀር አዩ። ስለዚህ የአገልጋዮቹን ስም እየጠሩ ሥራቸውን ጻፉ። ድኻዋን መበለት ሣራ ባስን፤ ዋጋዋ ስንት እንደ ሆነ ስትጠየቅ በብርድ ቀን አንድ ምሳ ይበቃኛል ያለችውን አሮጊት፤ ሕይወቴን በገንዘብ አልሸጥም ብሎ ክፍያ እንቢ ያለውንና በዚያው ጊዜ የሞተውን ሲዛር ክራንቼልን። ይህ ክራንቼል በ1787 ማኅበሩን ካቆሙት ከስምንቱ አንዱ ነው። የአስታማሚ ዋጋ የተወደደውም ባለጠጎች እርስ በርሳቸው እየተጫረቱ አስታማሚ ስለ ነጠቁ መሆኑን አስረዱ፤ ኬሪ ራሱ በመከራው ጊዜ ከተማውን ትቶ መሄዱንም ሳያነሡ አላለፉም።

ሁለተኛ፣ ሒሳባቸውን አወጡ። ለቀብርና የበሽተኛ አልጋ አውጥቶ ለማቃጠል የተቀበሉት 233 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ነው። ዋጋ ላልተከፈለባቸው የሬሳ ሣጥኖች 33 ፓውንድ፣ ከስድሳ እስከ ሰባ ቀን ለሠሩ አምስት ቅጥር ሠራተኞች 378 ፓውንድ፣ በድምሩ 411 ፓውንድ አወጡ። ከኪሳቸው የጎደለው 177 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነው፤ በነጻ የቀበሯቸው ብዙ መቶ ድኾችና ባይተዋሮች በዚህ አልተቈጠሩም። ጽሑፉ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሳ ቢሆንም፣ ይህ የሒሳብ ገጽ የሚገባውን ያህል አልተነበበም። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከመዝገብ ውጭ የሚቀር ሥራ ነው፤ የማይታመን ወገን ግን ቸርነቱን እንኳ በደረሰኝ ማስመስከር ግድ ሆነበት። ለዚህም ያበቃቸው በየወሩ ሽልንግ እየቈጠሩ ያሳለፏቸው ሰባት ዓመታት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጸሎት ቤቱ ጁላይ 17 ቀን 1794 ተከፈተ። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጋራ እንተባበር የሚለው በድምፅ ሲወሰን፣ ለሜቶዲስቶች የቆሙት ጆንስና አለን ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ኤጲስቆጶሳዊትን መረጡ። አለን ሹመቱን አልቀበልም ብሎ የራሱን ቤቴል ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ፤ ጆንስ ግን ከወገኖቹ አልለይም ብሎ ተቀበለ። በዚያ ዓመት በወጣው የደብሩ ሕግ መሠረት፣ ከአፍሪቃውያንና ከልጆቻቸው በቀር ማንም ሊመርጥም ሆነ ለሹመት ሊመረጥ አይችልም፤ ይህ የማያግደው ካህኑን ብቻ ነው፤ ካህኑም በምርጫ ድምፅ የለውም። ይህ አንቀጽ ከ1787ቱ አንቀጽ ጋራ ሲነጻጸር ነገሩ ፈጽሞ ተገልብጧል። ያን ጊዜ ለነጭ ብቻ የተከለለው የገንዘቡ ቁልፍ ነበር፤ አሁን ገንዘቡና ሹመቱ ሁሉ ለአፍሪቃውያን ተከልሎ፣ ለነጭ ክፍት የቀረው መሠዊያው ብቻ ነው። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጠብ ብቻ ሳይሆን የ1793 መከራና ስድብ ጭምር ነው።

ኤጲስ ቆጶስ ዊልያም ኋይት ደብሩን ሲቀበል የውስጥ ጉዳዩን ራሱ እንዲያስተዳድር ተስማማ። ጆንስ ግሪክኛና ላቲን ስላልተማረ በ1795 የሀገረ ስብከቱ ጉባኤ ይህን ማረለትና ዲቁና ተቀበለ፤ ቅስናውን ግን ያገኘው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ምሕረቱ ዋጋ ነበረበት፤ ደብሩ ወደ ጉባኤው ካህንም ሆነ መልእክተኛ እንዳይልክ ተወሰነ፣ ምክንያቱም የወቅቱ ልዩ ሁኔታቸው ነው ተባለ። ይህ «ወቅት» እስከ 1860ዎቹ ድረስ ዘለቀ። ውሉ ሁለት ወገን ነበረው ማለት ነው፤ በቤታቸው ጌቶች ሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሸንጎ ግን ወንበር አጡ። በ1793 የከተማውን ሕመምተኛ ያስታመሙት፣ አገልግሎታቸው የእኩልነት ምስክር ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው እንደ ነበር ከጽሑፋቸው መረዳት ይቻላል፤ ያገኙት ግን ይህን ነበር።

በዚያ በተፈቀደላቸው አጥር ውስጥ የደብሩ ኑሮ ደረጀ። በ1795 በደብሩ ስም የወንድማማች መረዳጃ ማኅበር ቆመ፣ በ1804 ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሸራ ሠሪው ባለጠጋ ጄምስ ፎርተን ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። በ1814 እንግሊዞች ዋሽንግተንን ባቃጠሉ ጊዜ፣ በጆንስ፣ በአለንና በፎርተን ጥሪ ወደ 2,500 የሚሆኑ ጥቁሮች በበጎ ፈቃድ ወጥተው በግሬይስ ፌሪ ምሽግ ሠሩ። ባሮችን ከውጭ ማስገባትን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት በጃንዩወሪ 1 ቀን 1808፣ ጆንስ በዚሁ ደብር ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ሰበከ፤ በመዝጊያውም ጸሎት ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተናገረውን ቃል አስገብቶ ቶሎ ይፈጸም ዘንድ ለመነ። እርሱና ወገኖቹ ኢትዮጵያ የሚሉት መላውን የጥቁር ሕዝብ ነበር።

ጆንስ በፌብሩዋሪ 1818 ሞተ። ስለ ነጻ የአፍሪቃውያን ማኅበር ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው፣ ከ1834 ጀምሮ የደብሩ አለቃ የነበረው ጥቁሩ ቄስ ዊልያም ዳግላስ በ1862 ካሳተመው የደብሩ ዜና መዋዕል ነው። ዳግላስ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ እያገላበጠ ወደ መጽሐፉ አስገብቷል፤ በረጅሙ ርእስም ውስጥ፣ ታሪኩ በከፊል በ1787 ከተቋቋመው የመረዳጃ ማኅበር መዝገብ፣ በከፊልም ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የተወሰደ መሆኑን፣ ማኅበሩን አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑን አስከትሎ ጽፏል።