ጌሌ
ጌሌ የናይጄሪያ ዮሩባ ሴቶች በሠርግ፣ በስም ማውጣትና በሌላም ድግስ ላይ የሚጠመጥሙት ትልቅ ሻሽ ነው። ከወገብ ከሚታጠቀው ኢሮ፣ ከላይ ከሚለበሰው ቡባና ትከሻ ላይ ከሚጣለው ኢፔሌ ጋር አንድ ሙሉ ልብስ ይሆናል።

ለክብር ቀን የሚመረጠው ጨርቅ አሾ ኦኬ ይባላል። በጠባብ በጠባቡ በእጅ ይሸመንና ጎን ለጎን ይሰፋል፤ የኢሴይን ከተማ ሸማኔዎች በዚህ ስመ ጥር ናቸው። ከነባር ዓይነቶቹ ሳንያን ከዱር ሐር የሚሠራ ቡናማ፣ አላሪ ደማቅ ቀይ፣ ኤቱ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዛሬ ደማስክና ሌላም ከውጭ የሚገባ አንጸባራቂ ጨርቅ ይጠመጠማል።

የጌሌ ውበት ግን ከጨርቁ ይልቅ በአስተሳሰሩ ላይ ነው። ጠርዙ ታጥፎ ግንባር ላይ ያርፋል፣ ጫፎቹ ከኋላ ተላልፈው ይታሰራሉ፤ ከዚያም እጥፋቶቹ አንድ በአንድ እየተሳቡ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ደረቅ ጨርቅ ቅርጹን አይለቅም፤ ለስላሳው ቶሎ ይወድቃል። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ እውነተኛ ጥበብ በመሆኑ በሌጎስ ለሙሽሮችና ለሚዜዎች ጌሌ በማሰር የሚተዳደሩ ባለሙያዎች አሉ። ጊዜ ለሌላት አስቀድሞ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ጌሌም ይሸጣል። ዘመድ ወዳጅ አንድ ዓይነት ጨርቅ በሚለብስበት አሾ ኤቢ በተባለው ልማድ፣ የጌሌው ቀለም የደጋሹን ወገን ይለያል።

በኢግቦዎች ዘንድ ሻሹ ኢቻፉ ይባላል፤ ከሸሚዝ፣ ከሁለት ሽርጥና ከኮራል ዶቃ ጋር ይደረጋል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅትን የሚመሩት ኢግቦዋ ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ የሚታወቁት በዚሁ የራስ መጠምጠሚያ ነው፤ የበዓሉን ልብስ የዕለት ሥራ ልብስ አድርገውታል።