የማሲንቆ ሰዎች፦ ከመኳንንት ግቢ እስከ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለዘመናት የኖረው ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ ባለአንድ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን፣ እሱን እየተጫወተ ግጥም የሚደረድረው ሙያተኛ አዝማሪ ይባላል። አዝማሪ በአብዛኛው ብቻውን ወይም በዜማ ከምትቀበለው ባለቤቱ ጋር እየዞረ የሚሠራ ሰው ስለነበር፣ በርካታ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ የሚቀናጁበት ቡድን በማሲንቆ ታሪክ ውስጥ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የእነዚህን ባለሙያዎች ሕይወት የወሰነው ደግሞ የጣታቸው ብልሃት ብቻ ሳይሆን እንጀራቸው ከማን እጅ ይገኝ እንደነበር ነው፤ አዳማንና በስምጥ ሸለቆ የተቆረቆሩ ሌሎች ከተሞችን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኛቸውም ይኸው ጉዳይ ነው።

መሣሪያው ሲታይ ቀላል ቢመስልም አጨዋወቱ ረቂቅ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ በአንድ ጫፉ ቆሞ የሚያዘው የእንጨት ሳጥን በቆዳ ይለበጣል፤ ከአንገቱ አናት ባለው መቃኛ የሚወጠረው አንዱ ክርም ሆነ የደጋኑ ክር የሚሠራው ከተገመደ ወይም ከተጠቀለለ የፈረስ ጭራ ነው። ክሩ ድምፅ እንዲሰጥ በሙጫ ወይም በዕጣን ይታሻል። ተጫዋቹ ክሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳያጣብቅ በጣቶቹ ብቻ እየነካ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ማለትም የታወቁትን አራት ቅኝቶች ያወጣል። ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው ከአፉ ነጥቆ በዜማ ይመልስለታል፤ ሙገሳም ሆነ ነቀፋ በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ግጥሙ ልቡን የነካው ሰውም ብር አውጥቶ ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል።

ይህ ጥበብ በተለይ በጎንደር አካባቢ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ሙያ ነው። ቡርቧክስን በመሳሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጆች ከአባቶቻቸው ሥር ሆነው እያዩና እየሰሙ ይማራሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲሆኑም ሌላ ሰው የማይረዳው የራሳቸው የሙያ ቋንቋ አላቸው። ያለ አዝማሪ ሠርጉም ሆነ ክርስትናው የማይደምቅለት ኅብረተሰብ አዝማሪን በጋብቻ ለመቀበል ግን ሲያመነታ ኖሯል። በዚህ ምክንያት አዝማሪዎች ሁሉም የሚፈልጋቸው፣ ግን ጥቂቱ ብቻ የሚያከብራቸው ሰዎች ሆነው ዘመናት አሳልፈዋል።

ሥልጣን ያለው ወገን ግን የቃላቸውን ኃይል አልሳተውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለመኪና ሙያ ወደ ጀርመን የተላኩት ገጣሚና ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የኢትዮጵያን የሙዚቃ ቅጂ ታሪክ ጀምረዋል። በአንጻሩ ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘችበት ጊዜ የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተሞከረበት ግድያ በኋላ፣ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ያላቸው ጠንቋዮችና ዘዋሪ ተራኪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዟል፤ አዝማሪዎችም ከሰለባዎቹ መካከል ነበሩ።

አዝማሪውን ያኖረው የነበረው የመኳንንቱ ግብዣ እየቀነሰ ሲሄድ ለአዝማሪው አዲስ ገበያ የሆነው ከአገሩ ርቆ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው የተሰበሰበበት ከተማ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ ሲያልፍ ጣቢያዎቹ የነጋዴና የሠራተኛ መናኸሪያ ሆኑ። ከአዳማ በስተደቡብ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሠራተኛ ወደ ሸለቆው መጣ። አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው በእነዚህ ከተሞች በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚቀኝ ተጫዋች የታዳሚውን ግማሽ ያጣል። ማሲንቆ ደግሞ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድም ሥር የሰደደ መሣሪያ ነው፤ ለገሠ አብዲን የመሳሰሉ ድምፃውያን የኦሮምኛ ዜማን በማሲንቆ እየተጫወቱ ዝናን አትርፈዋል።

ማሲንቆን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር በአንድ መድረክ ያሰለፈው ታዋቂው ቡድን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ይህ ቡድን ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን አስማምቶ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ዜማ ያቀርብ ነበር፤ በኋላም በተስፋዬ ለማ ይመራ ጀመር። ከአባላቱ አንዱ ጌታመሳይ አበበ የማሲንቆን አጨዋወት ለአሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ለቻርልስ ሳተን አስተምሯል፤ ቡድኑም እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሮ ተጫውቷል። ይህ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ዘዋሪው ተጫዋች ደመወዝተኛ፣ መምህርና ስሙ በዝግጅት ወረቀት ላይ የሚታተም የመድረክ ባለሙያ ሆኗል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣቶች መድረክ ቢሰጡም ግጥሙ ከመፈክር እንዳይወጣ ተደርጓል፤ ሰዓት እላፊውም የአዝማሪውን ዋና የሥራ ጊዜ፣ ሌሊቱን፣ ቀምቶታል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአዲስ አበባ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች እንደገና ተስፋፉ፤ ከእነሱም አንዱ የነበረው ፈንድቃ ጥበቡን እስከ ውጭ አገር አድርሷል። የባህል ምግብ ቤቶችም ማሲንቆን የምሽት ዝግጅታቸው አካል አድርገዋል።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው ማሲንቆ የቆየው መሣሪያው ስላልተለወጠ ሳይሆን፣ የያዙት ሰዎች ከአዲስ ሰሚና ከአዲስ ቋንቋ ጋር ራሳቸውን ማስማማት ስለቻሉ መሆኑን ነው። ሆኖም ሸክላ ያላስቀረጹትና በትልቅ ቡድን ያልታቀፉት፣ በባቡር ጣቢያና በፋብሪካ ሰፈር ሲያዜሙ የኖሩት ተጫዋቾች ስም ከግጥማቸው ጋር እየጠፋ ነው። ስለዚህ የአዳማና የአካባቢዋ የባህል ተቋማትና ትምህርት ቤቶች በሕይወት ያሉትን አንጋፋ ተጫዋቾች ስም፣ የሕይወት ታሪክና ዜማ በአማርኛና በኦሮምኛ ሊቀርጹና ሊመዘግቡ፣ ለሥራቸውም ተገቢውን ክፍያ ሊፈጽሙላቸው ይገባል፤ አዝማሪን በሠርጉ ያስጨፈረ ሕዝብ ለሙያው የሚገባውን ክብር የሚሰጠው ባለሙያውን በስሙ ሲያውቀው ነውና።