ከኢፓኔማ እስከ አዲስ አበባ

የብራዚሉ «ቦሳ ኖቫ» የሳምባን ምት አለዝቦ ዘፈንን በለሆሳስ ወደ ማንጎራጎር ያወረደ ስልት ነው። ዡዋው ዢልቤርቶና አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ስታን ጌትዝ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ሸክላ «የኢፓኔማ ልጃገረድ» የተሰኘው ዘፈን ዓለምን አዳረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ ውስጥ ካስቀረጻቸው ሁለት የ«አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎች በአንደኛው ላይ «የአዲስ አበባ ልጃገረድ» የተባለ ድርሰት ይገኛል። አርእስቱ የኢፓኔማዋን ማስታወሱ አይቀርም፤ የሸክላዎቹ ምት ግን በአመዛኙ ከብራዚል ይልቅ ለካሪቢያን የቀረበ ነው። የሙላቱ ብርቱ ፈተና ከምቱ አልነበረም፤ ባለ አምስት ድምፁ የኢትዮጵያ ቅኝት በአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስምምነት ሲታጀብ ጠባዩን እንዳይለቅ ማድረግ ነበር እንጂ። በ1972 እዚያው ባስቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ቅኝቱ ገንኖ፣ የላቲኑ ከበሮ ከሥሩ ሆኖ ይደመጣል።