እግራችሁ ሥር ያለው ባልጩት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከከተማ ወጣ ብላችሁ በእግር የምትጓዙ ከሆነ፣ ጎርፍ ምን ያህል አፈር እንደሚጠርግ ሳታዩ አልቀራችሁም። አምና ያልነበረ ቦረቦር ዘንድሮ ተከፍቶ ታገኛላችሁ። ዳርና ዳሩ ላይ አዲስ የታጠቡ ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ የሰው እጅ የሠራው ቢሆንስ? በምን ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ?

እስቲ ቅርብ ካለ ቦታ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ፣ አዋሽ ወንዝ አጠገብ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ እዚህ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘ። ልብ በሉ፣ ሰውየው የውሃ ባለሙያ እንጂ አርኪዮሎጂስት አልነበረም። ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ለብዙ ዓመታት ቦታውን ቆፈረ፤ በኋላም የጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

ባልጪት ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ ነው። ስሙ ባልጩትን አስታወሳችሁ? ትክክል ናችሁ፤ መሬቱ በባልጩት የተሞላ ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ሲሰበር ጫፉ እንደ ምላጭ ይሳላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያ ሠርተውበታል። ሲምቢሮ በተባለው ቦታ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የባልጩት የእጅ መጥረቢያ መሥሪያ ቦታ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰው የፈለጠው ድንጋይ በምን ይለያል? ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ስንጣሪው ላይ፣ ምቱ ካረፈበት ነጥብ ሥር፣ ትንሽ እብጠት ይቀራል። ከእብጠቱ እየራቁ የሚሄዱ፣ ጠጠር የተወረወረበት ኩሬ ላይ የምታዩትን የመሰሉ ቅስት ሞገዶችም ይታያሉ። ግን አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም። ባልጩት ከገደል ሲወድቅም ሆነ ጎማ ሲሄድበት ይሰበራል። የሰው እጅ የሚታወቀው የምቱ ጠባሳዎች ብዙ ሆነው በሥርዓት ሲደረደሩ ነው።

እሺ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ አገኛችሁ እንበል። ኪስ ውስጥ ቢገባስ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ወዲህ ነው። ድንጋዩ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች መፋቂያቸውን ከድንጋይ ፈልጠው ሲሠሩ ተመራማሪዎች በእኛ ዘመን መዝግበዋል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ስንጣሪ የአንዲት አያት የሥራ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት የተጣለም ሊሆን ይችላል። የሚለየው የተኛበት አፈር ነው። በመልካ ቁንጡሬ የወንዝ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ተራ በተራ ተነባብረዋል። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል፤ ሳይንቲስቶች የተጠራቀመውን አርገን ለክተው አመዱ መቼ እንደወደቀ ያሰላሉ። ከአመዱ በታች ያለው ዕቃ ከአመዱ ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል። ድንጋዩን አንስታችሁ ኪሳችሁ ስትከቱት ከዚህ ሰዓት ላይ ነቀላችሁት ማለት ነው። መልሳችሁ ብትጥሉትም ሰዓቱ አይመለስም።

በዚያው በመልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በተባለው ቦታ፣ ከ700,000 ዓመት በፊት ሰዎችና እንስሳት በአንድ ትንሽ ኩሬ ዳር ጭቃው ላይ ተራመዱ። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ሕፃናት እግር አለ። የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሸፈነው እስከ ዛሬ ቆየ። ሕፃናቱ ከትልልቆቹ ጋር እዚያ እንደነበሩ የምናውቀው ዱካውም፣ አመዱም፣ አጠገቡ ያሉት መሣሪያዎችም በየቦታቸው ስለተገኙ ነው።

ስለዚህ በመስኩ ላይ እንዲህ አድርጉ። ድንጋዩን ሳታነሱ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና ፎቶ አንሱት። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ቦረቦሩ በሙሉ እንዲታይ ሌላ ፎቶ ጨምሩ። ድንጋዩ ከየትኛው የአፈር ንብርብር አጠገብ እንዳለ፣ የአፈሩ ቀለም ምን እንደሚመስል፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ስልካችሁ የቦታውን መገኛ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እሱንም መዝግቡ። ቀጥሎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስከዚያው እንዲጠብቀው ያዛል።

ብዙ ጊዜ ያያችሁት ተራ ድንጋይ ይሆናል። ምንም አይደለም፤ ንብርብርን ማንበብ የሚለመደው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ ያንኑ ቦረቦር ትንሽ ያሰፋዋል። ያን ጊዜ የዘንድሮ ፎቷችሁን ይዛችሁ ሂዱና ምን እንደተለወጠ አወዳድሩ።