ለፍሳሽ ማጣሪያነት የዋሉ ዕፅዋት አወጋገድ

ደንገል፣ ፊላና ሸምበቆን የመሳሰሉ የረግረግ ዕፅዋት ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከሆቴሎችና ከፋብሪካዎች የሚወጣን ፍሳሽ ለማጣራት ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ታጭደው ሲወገዱ ተገቢው ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ ከውኃው የተለየው ብክለት ወደ አፈር፣ ወደ እንስሳትና ወደ ሰው ሊመለስ ይችላል። ይህ መረጃ የማጣሪያ ባለቤቶችና በአካባቢው የሚኖሩ ዜጎች ሊያውቁት የሚገባውን ያብራራል።

ብክለቱ የት ይቀራል?

በፍሳሽ ውስጥ ያሉ በስባሽ ነገሮችን በዋናነት የሚያብላሉት በዕፅዋቱ ሥር ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ናይትሮጅንንና ፎስፈረስን ዕፅዋቱ ለዕድገታቸው ይጠቀሙባቸዋል፤ በወቅቱ ካልታጨዱ ግን ሲበሰብሱ ወደ ውኃው ይመልሷቸዋል። ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ግን አይበሰብሱም። በደለሉና በዕፅዋቱ አካል፣ በተለይም በሥሩ፣ ይከማቻሉ።

የፍሳሹን ምንጭ መለየት

ፍሳሹ ከመኖሪያ ቤት ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የታጨደውን ተክል በሚገባ አብላልቶ ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል። ኮምፖስቱ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ሊይዝ ስለሚችል በጥሬው ለሚበሉ አትክልቶች ባይውል ይመረጣል። በሞጆና በአቃቂ ወንዞች አካባቢ እንዳሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ካሉ ተቋማት ለሚወጣ ፍሳሽ የዋለ ተክል ግን በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ሊያዝ ይገባል።

ከባድ ብረት ባለበት ተክል ሊደረጉ የማይገባቸው

• ለከብት መኖ፣ ለበዓልና ለቡና ጉዝጓዝ፣ ለሰሌንም ሆነ ለጣሪያ ክዳን አይውልም።
• ለማገዶ አይውልም። ብረቱ በአመዱ ውስጥ ይከማቻል፤ ከፊሉም ከጭሱ ጋር ይወጣል። ክሮሚየም ሲቃጠል ካንሰር አምጪ ወደሆነው ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላል።
• ለኮምፖስት አይውልም። ተክሉ በስብሶ ሲቀንስ ብረቱ አይቀንስም። ባዮጋዝ ቢመረትበትም ብረቱ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል።
• በወንዝ ዳር፣ በቦይም ሆነ በሜዳ አይጣልም።

የአወጋገድ ቅደም ተከተል

1. ጓንትና ቦት ጫማ በማድረግ ማጨድ፤ ሥርና ደለልን ከግንድና ከቅጠል ለይቶ ማስቀመጥ።
2. ውኃ በማያሰርግ ወለል ላይ ከዝናብ ከልሎ ማድረቅ፤ የሚንጠባጠበውን ውኃ ወደ ማጣሪያው መመለስ።
3. ከግንዱ፣ ከሥሩና ከደለሉ ናሙና ወስዶ ማስመርመር።
4. የደረቀውን በማያፈስ ማሸጊያ አሽጎ ምንጩን፣ መጠኑንና የታጨደበትን ቀን መመዝገብ።
5. ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር በመነጋገር ፈቃድ ባለው አጓጓዥ ወደ ተፈቀደ የማስወገጃ ስፍራ መላክ።

እምቦጭን በተመለከተ

እምቦጭ ብክለትን የመምጠጥ አቅም ቢኖረውም በፍጥነት የሚዛመት መጤ አረም ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቁርጥራጩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ለማጣሪያ ብሎ መትከል አይመከርም። የተነቀለውም ወደ ውኃ አካል ሊደርስ በማይችልበት ስፍራ መድረቅ አለበት።

የሕግ ማዕቀፍና አገልግሎት

ጉዳዩን በዋናነት የሚመለከቱት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ናቸው። ተገልጋዮች ለምክር ወደ ወረዳቸው ወይም ወደ ከተማቸው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሲቀርቡ የፍሳሹን ምንጭ፣ የተክሉን ዓይነትና ግምታዊ መጠን እንዲሁም የምርመራ ውጤት ካለ ይዘው ቢቀርቡ ተገቢውን መመሪያ በቀላሉ ለማግኘት ያግዛቸዋል።